ነቅዬ የጣልኩትን ስመልስ

ከተሞክሮዬ

ጉለሌ ያለውን ቤት ከአክስቴ የወረስኩት በ2003 ዓ.ም. ነው። ግቢው በጠቅላላ 240 ካሬ ነው፤ ዋናው ቤት፣ ማድቤቱና የመኪና ማቆሚያው ከወሰዱት የተረፈው መሬት መቶ ካሬ አይሞላም። እቴቴ፣ ሁላችንም የምንጠራት እንዲያ ነበር፣ በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ አርባ ዓመት ስትተክል ኖራለች። ጌሾው ከማድቤቱ ጥግ፣ ኮባው ከቧንቧው አጠገብ፣ ጤና አዳሙ ዝገት በበላው የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጠጅ ሳሩ ከበረንዳው ሥር፣ ዳማከሴና ግራዋው አጥሩን ተደግፈው፤ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ነጭ የሚያብብ አንድ ለምለም ነገር።

ያኔ እኔ ከውጭ አገር መጽሔቶች ላይ የግቢ ፎቶ እየቆረጥኩ ማስቀመጥ የጀመርኩበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዓይን የእቴቴን ጓሮ ሳየው የታየኝ ጫካ ነው። በሁለት ቅዳሜ፣ በሁለት ቀን ሠራተኛ ሁሉንም አስነቅዬ በአህያ ጋሪ አስወጣሁት። ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ ሰው ሲሞት ጓሮውም አብሮ ይቀበራል እንዴ?" አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ ተናገር ብባል፣ ገንዘብ እየከፈልኩ ያንኑ ጓሮ መልሼ ስተክል ነው የከረምኩት። የተማርኩትን ልጻፈው። ቅደም ተከተሉ የስሕተቴ ቅደም ተከተል ነው።

ከተክሉ በፊት መቀመጫው

መጀመሪያ የሠራሁት ዳስ ነበር። ከግቢው ጫፍ፣ ከማድቤቱ ተቃራኒ ጥግ ላይ የቆመ፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ዳስ፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ወደሱ የሚወስድ ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ። መጽሔቱ ላይ እንደዚያ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቡና የተጠጣው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ረከቦቱን፣ ምድጃውን፣ ጀበናውንና ሙዳዩን ይዞ ያንን ጠጠር እየረገጡ መመላለስ ለማን ይጥማል? ባለቤቴ አንድ ቀን "አቦሉ እዚያ እስኪደርስ ቶና ይሆናል" አለችኝ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ጥግ ነው።

እቴቴ የት ትቀመጥ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ከማድቤቱ በር ሁለት እርምጃ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትና ከሰዓት በኋላ ጣራው የሚያጠላበት ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ ነበራት። ከዚያ ሆና የውጭው በር ይታያታል፤ ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማታል፤ እጇን ስትዘረጋ ጤና አዳሙን ትቆርጣለች። መሐንዲስ ቢጠራ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይመርጥም ነበር።

ዳሱን አፈረስኩ፤ መደቡን መልሼ አሠራሁ። ዛሬ ሰው "ምን ልትከል?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መልሼ ቡና የምትጠጡት የት ነው እላለሁ። መቀመጫው ከታወቀ ብዙው ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። በክንድ ርቀት የሚተከለው ሲነኩት የሚሸት ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናና፣ አሪቲ። እነዚህን አጥር ሥር መትከል ሽቶ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው። ጠጅ ሳር መንገድ ዳር፣ ቀሚስ እየነካው በሚያልፍበት ቦታ ይሆናል። ቅጠለ ሰፊውና ከሩቅ የሚታየው ወደ አጥሩ ይሄዳል። ይህን ደንብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአንድ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ላይ የእቴቴ ጣሳዎች የተደረደሩበትን ቦታ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው የደረስኩበት።

የኛ ፀሐይ ሌላ ናት

የፈረንጅ የአትክልት መጻሕፍት ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሞቃት ነው፣ ወደ ሰሜን የዞረው ግን በአብዛኛው ጥላ ነው ይላሉ። ለለንደን ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ በጣም ዝቅ ስለምትል ሦስት ሜትር ቁመት ያለው አጥር በስድስት ሰዓት ወደ ሰሜን ሁለት ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል።

እኔ ይህን ሳላውቅ በደቡቡ አጥሬ ሥር ስምንት ጽጌረዳ ደረደርኩ። የተከልኩት ግንቦት ላይ ነበርና ቦታው ፀሐይ የሞላበት መስሎኛል። ጥቅምት ሲገባ ጥላው መጣባቸው፤ ብርሃን ፍለጋ እየሰለሉ ረዘሙ፤ ቅጠላቸው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ከስምንቱ ሁለቱን አትርፌ ወደ በሩ አዛወርኩ። አሁን ያ ጥግ የካላ ሊሊ ነው፤ ጥላውንም ርጥበቱንም ይወደዋል። (በነገራችን ላይ የካላ ሊሊ የሳይንስ ስም 'ኤቲዮፒካ' የሚል አለበት፤ አገሩ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። ስሙን አይቼ የኛ ነው ብዬ እንግዳ ፊት የተናገርኩባት ቀን አለች።)

መድኃኒቱ ነፃ ነው። በየወሩ አንድ ቀን፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በአሥር ሰዓት፣ ጥላው የደረሰበት ላይ ጠጠር አስቀምጦ ማስታወሻ መያዝ። አንድ ዓመት ይፈጃል። ያን አንድ ዓመት ያልታገሠ ሰው እንደኔ ሦስት ዓመት ይከፍላል።

ውርጭም እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ግቢዬ ተዳፋት ነው፤ በታችኛው ጫፍ የነበረውን የሽቦ አጥር በብሎኬት ከተካሁት በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች ብርዱ እዚያ እየተጠራቀመ ሙዜን ሁለት ጊዜ አጠቆረው። ብሎኬቱን ከግርጌው ሁለት ቦታ ላይ አስከፍቼ ቀዝቃዛው አየር መውጫ ካገኘ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል።

ዋልካ ላይ ላላችሁ

የኔ አፈር ቀይ ነው፤ ብዙ አያስቸግርም። እህቴ ግን ሲኤምሲ አካባቢ ነው የምትኖረው፤ አፈሯ ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከኔ ቤት የወሰደችው ሮዝመሪ ሦስት ጊዜ ሥሩ በስብሶ ሞተባት። አፈሩን በሙሉ አስቆፍራ በሌላ ልትለውጠው ስትነሣ በሰሜን ሸዋ የእነዋሪን ገበሬዎች አነሣሁላት። እነሱ ዋልካቸውን በእጅ ከፍ ከፍ ያለ መደብ እያደረጉ ትርፉን ውሃ በቦይ ያስወጣሉ እንጂ አፈር አይለውጡም። እሷም በብሎኬት አርባ ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ አሠርታ፣ ዋልካውን ራሱን ከፍግና ከቀይ አሸዋ ጋር ቀላቅላ ሞላችበት። ዘንድሮ የጥብስ ቅጠል የምትሰጠኝ እሷ ናት።

የፈረንጅ ጥድ ባለዕዳ አደረገኝ

ጌሾውን ነቅዬ በቦታው የተከልኩት የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ለአጥር። ፈጥኖ ያድጋል ተባልኩ፤ እውነትም ፈጥኖ አደገ። ችግሩ ማደጉን አለማቆሙ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ካልተከረከመ ያመልጣል፤ ካመለጠ በኋላ ወደ አሮጌው እንጨት ድረስ ቢቆርጡት ደግሞ ከዚያ አያቆጠቁጥም፤ ቡናማ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓመት ታምሜ መከርከሙን አሳለፍኩትና በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሜትር ገባ ብሎ እንዲቆረጥ አደረግኩ። ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ በኩል ሳሎኔን ሲያይ ከረመ።

ጌሾ ግን የሚያብረቀርቅ ቅጠል አለው፣ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ሲከረከም የሚወጣው ቅጠል ደግሞ ለጠላ ይሆናል። በአንድ ነገር ብቻ ይታማል፤ ይዘገያል። ዛሬ ያሉኝ አሥራ አንድ ጌሾዎች አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ አጥር የሚያሰኝ መልክ የያዙት አምና ነው። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። የጥዱ ቅሪት ከኋላቸው አሁንም አለ፤ በየዓመቱ ሁለት ሁለት እያስቆረጥኩ ነው።

ስለ ሣር ብዙ አልልም። ስልሳ ካሬ ኪኩዩ ሣር አነጠፍኩ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥር ላይ ሣር ማጠጣት ጎረቤት ፊት የሚያሳፍር ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ካሬ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በድንጋይና በተክል ሸፈንኩት። ልጆች የሚንከባለሉት በአሥራ ሁለቷ ላይ ነው፤ በስልሳውም ጊዜ ከዚያ ራቅ ብለው አይሄዱም ነበር።

እንሶስላ

ነቅዬ ከጣልኩት ሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ያ ስሙን የማላውቀው ነጭ አበባ ነው። ስሙን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። እንሶስላ። እቴቴ የጎጃም ሰው ነበረች፤ ነሐሴ ላይ ሥሩን ቆፍራ፣ ወቅጣ፣ እጅና እግሯ ላይ አስራ ታድርና ለእንቁጣጣሽ መዳፏና ጥፍሯ ቀልቶ ይታያል። በልጅነቴ ያ ቀይ እጅ ዳቦ ሲቆርስልኝ አስታውሳለሁ። ተክሉንና እጁን አገናኝቼ ግን አላውቅም።

እንሶስላ የወንዝ ዳርና የጥላ ተክል ነው። በደህና ክረምት ከሰው ቁመት ይደርሳል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ደም የነካው ይመስላል፤ ሲመሽ ይሸታል። በእንግሊዝ አገር የአትክልት ወዳዶች እንደ ብርቅ ነገር እየተንከባከቡ ያሳድጉታል። እኔ ልገዛው ብዬ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ስንቱን ጠየቅሁ! አንዱ "ይኼ የገጠር ነው ጋሼ" ብሎ ጌራኒየም ሊሸጥልኝ ሞከረ።

ሁለት ዓመት ካፈላለግኩ በኋላ ለካ እትዬ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ኖሯል። እቴቴ በደርግ ጊዜ የሰጠቻቸው ነው። አጥር ለአጥር ሆነን ሳላየው መቅረቴ አንድ ነገር ነው፤ ይስጡኝ ብሎ መጠየቁ ግን ሌላ ነበር። ሄጄ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። ዝም ብለው ብዙ ካዩኝ በኋላ "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አሉ። እጄን አስታጥበውኝ ቡና አጠጡኝና፣ የሕፃን ጡጫ የምታክል ሥር በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ወሩ ግንቦት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ በቀለ፤ ግንዱ ወፈረ፣ አበባው መጣ። ኅዳር ላይ ግን ጠወለገና ወደቀ። ሞተ ብዬ አካፋ አነሣሁ፤ በቦታው ሰላጣ ልዘራበት። እትዬ በአጥሩ ላይ ሆነው "ተወው! ተኝቶ ነው!" ብለው ጮኹ። በጋውን ሥሩ ከመሬት በታች ይከርማል፤ ዝናብ ሲሸተው ይነሣል። ከዚያ ወዲህ በተኛበት ቦታ ዙሪያ ሦስት ድንጋይ አኖራለሁ፣ ማንም እንዳይቆፍረው። አጠገቡ በጋም የማይረግፍ ነገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግማሹን ዓመት ባዶ መሬት ታያላችሁ። እኔ ከፊቱ የተከልኩት ሁለት ጌሾ ነው።

ኮባው ከመጽሔቱ ላይ ወጣ

ካስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ሁሉ የምወደው አንድ የእንግሊዝ ግቢ ነበር። መሐሉ ላይ ቅጠሉ እንደ ጀልባ የሰፋ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አንድ ግርማ ያለው ተክል ቆሟል። እሱን የመሰለ ፈልጌ ችግኝ ሻጮቹን ሁሉ ካዳረስኩ በኋላ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ የእህቴ ልጅ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበልኝ። እንሰት ነው። 'ማውሬሊ' የሚባል ቀይ የእንሰት ዓይነት። እነሱ በማሰሮ ተክለው፣ ብርድ ሲመጣ ቤት እያስገቡ ያሳድጉታል። እኔ አገሩ ላይ ሆኜ በአህያ ጋሪ አስጥየዋለሁ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ እንሰት በስፋት ጽፏል፤ በሥዕልም አሳይቶታል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቆጮና ቡላ ሆኖ ሚሊዮኖችን የሚመግብ ነው። እቴቴ ግን ኮባ ነበር የምትለው፤ የምትፈልገውም ለድፎ ዳቦ ቅጠሉን ነው። ለግቢ ውበት ሲሆን የሚተከልበት ቦታ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከመቀመጫው በስተምሥራቅ ይሁን፤ የጠዋት ፀሐይ በቅጠሉ ውስጥ አልፋ ስትመጣ የሚታየውን አረንጓዴ ቃል አይገልጸውም። ሁለተኛ፣ ከኋላው ነጭ ወይም ቢጫ የተቀባ ባዶ ግድግዳ ይኑር፤ ከሌሎች ቅጠሎች መሐል ከገባ ይጠፋል። በረዶ ሲወርድበት ይተለተላል፣ ውርጭም ያቃጥለዋል፤ አትደንግጡ፣ ከመሐሉ አዲስ ያወጣል። ዕድሜ ልኩን የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ አብቦ ካፈራ በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ተተኪውን አስቀድሞ መትከል ነው።

በበዓል ዋዜማ ቅጠል ፈልጎ በሬን የማያንኳኳ ጎረቤት የለም። ከዳሱ ዘመን ይልቅ አሁን ግቢዬ ሰው ይገባበታል።

አደይን ከአትክልተኛ አድኑ

አደይ አበባ አይሸጥም፤ ቢሸጥም ተቆርጦ በእቅፍ ነው። ዘሩን ጥቅምት ላይ አበባው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር ሰብስቤ በወረቀት አቆየሁና ከክረምቱ በፊት በአጥሩ ሥር በተንሁት። በደንብ በቀለ። በነሐሴ አጋማሽ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጡት አትክልተኛ ጋሼ ግቢውን አጸዱልኝ። በጣም አጸዱት። ማታ ስገባ አጥሩ ሥር አንድ ቅጠል አልቀረም። "አረሙን ጨረስኩልህ ልጄ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። ምን እላለሁ? ቅጠሉ ሳያብብ አረም እንጂ ሌላ አይመስልም። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ አደይ የገዛሁት መንገድ ላይ ከቆሙ ልጆች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን በችካልና በቀይ ክር አጠርኩት፤ ጋሼም ዙሪያውን ብቻ እየኮተኮቱ ያልፋሉ።

አደይ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ነው። ስለዚህ ቦታው ከኋላ ነው። እኔ አሁን ግቢዬን የማስበው በወር ነው። መስከረም የአደይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ዝናብ ሲጠፋ ቡገንቪሊያው ይፈነዳል፤ እሱን በጋ ላይ ውሃ ባበዛችሁበት ቁጥር ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጣችሁም። ሰኔ ሲገባ የካላ ሊሊና የእንሶስላ ተራ ይደርሳል። የኔ ባዶ ወር የካቲት ነው። እስካሁን አልሞላሁትም።

ጉልት

ችግኝ መሸጫ የሄደ ሰው ከሁሉም አንድ አንድ ይዞ ይመለሳል። እኔ በአንድ ቀን ሃያ ሦስት ዓይነት ተክል ገዝቼ ገብቻለሁ። ደርድሬ ከተከልኳቸው በኋላ ባለቤቴ አየችውና "ጉልት መሰለ" አለች። ልክ ናት። ዓይን የሚያርፍበት አጣ። ያንኑ መደብ በኋላ በሦስት ዓይነት ብቻ፣ እያንዳንዱን አምስት አምስት አድርጌ ስተክለው ትልቅ መሰለ። የአንድ ተክል አምስት ችግኝ ለመግዛት ገንዘብ ካጠረ አንዱን ገዝቶ ማባዛት ነው፤ ሮዝመሪ፣ ጌራኒየም፣ ዳማከሴ፣ ሁሉም ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሏት፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ የትም የማይገኝ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው መዝግበዋቸው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቋል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሲኬድ ግን ከዳር እስከ ዳር ያው የተለመደው ተክል ነው። አገር በቀሉን በአካል ማየት የፈለገ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ፤ ተክሎቹ አድገው ሳሉ ቁመታቸውንና ስፋታቸውን አይቶ መወሰን ፎቶ አይቶ ከመወሰን በብዙ ይሻላል።

አገር በቀል የሆነ ሁሉ ግን ለግቢ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ከወዳጆቼ ጋር እንከራከራለን። ዝግባ ትከሉ ይባላል። ዝግባ ደን የሚሠራ ዛፍ ነው፤ መቶ ካሬ ውስጥ ማስገባት በሬን ሳሎን ማሰር ነው። ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ዛፍ ካማረው ኮክ ይትከል፣ ታጋሽ ከሆነም ወይራ። እኔ ለጥላ ብዬ ከቤቱ ሁለት ሜትር ላይ የተከልኩት የጎማ ዛፍ ሥሩ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ገብቶ፣ ማስወጫውና ማስጠገኛው ከዳሱ በላይ አስወጣኝ።

ወተታቸው የሚያቃጥል

ይህን ባጭሩ ግን ሁሉም ያንብበው። ቅንጭብ ለአጥር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። የወንድሜ ልጅ ሲጫወት ሰብሮት ዓይኑን አሸ፤ በብዙ ውሃ እያጠብን ወደ ሐኪም ሮጥን፤ በሦስተኛው ቀን ዳነ። ኦሊያንደርም ከቅጠሉ እስከ አበባው መርዝ ነው። በየግቢው ወደ ታች የሚንጠለጠለው፣ መለከት የመሰለው ትልቅ አበባም የመርዛማው አስተናግር ዘመድ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም።

ውሃው ከጣራ ነው

በመቶ ካሬ ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ መቶ ሊትር ነው። አንድ ደህና የነሐሴ ዝናብ ሁለት ሺህ ሊትሩን ሮቶ ይሞላል። ያንን ከመስከረም መጨረሻ ጀምሬ በቀን ሃያ ሊትር ስጠቀምበት መቶ ቀን፣ እስከ ጥር መግቢያ ያደርሰኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያልፉት እንደ እሬት፣ ሮዝመሪና ጦስኝ ያሉ ጥማት የለመዱ ናቸው። በቀን ሃያ ሊትር የማይበቃው ግቢ ለኔ ሰፍቶብኛል ማለት ነው፤ ሣሩን የቀነስኩትም በዚህ ስሌት ነው።

እትዬ አምና አረፉ። ልጃቸው ቤቱን ሊያድሰው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጓሮውን በሜትር ሲለካ አገኘሁት። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ያለውን እንዳይነካ ለምኜዋለሁ፤ እሺም ብሎኛል። የኔው እንሶስላ ደግሞ በዝቷል። የምትፈልጉ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሳይበቅል በፊት፣ ማሰሮ ይዛችሁ ኑ። ከክረምት በኋላ አላስቆፍርም።